መርቀን ልንሸኛቸው ነው

ዛሬ ሚስተር ማቲው "ልሂድ ወይስ ልቅር?" ብለው ጠየቁን፤ እኛም ሳናስበው ይሂዱ አልናቸው።

ሚስተር ማቲው ህንዳዊው የሒሳብ መምህራችን ናቸው። ሌሎቹ መምህራን ለዘመቻ ከወጡ ወዲህ መካነ ሰላም ላይ ሒሳብ የሚያስተምረን ሌላ ሰው የለም።

(ይህን ወረቀት ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለማገዶ የምትቀድዱ፣ እባካችሁ መጀመሪያ አንብቡት።)

"ዛንዚባር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጠርቶኛል። ደመወዙ ከዚህ ያንሳል። ግን ባሕር አለ፣ ዓሣ አለ። ሚስቴ እዚህ ብርዱም ረሃቡን ማየቱም ከብዷታል። ምን ትላላችሁ?" አሉን። ዓይናቸው ድርቁ ባዶ ያስቀራቸው ወንበሮች ላይ ነበር።

የክፍል አለቃችን ሰይድ ተነሳ። "አላህ መንገድዎን ያቅናልዎ።"

"አሜን!" አልን ሁላችን።

"ሁላችሁም?"

አሁንም አሜን አልን። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

በእኛ አገር መንገድ ያሰበ ሰው ይመረቃል እንጂ አትሂድ አይባልም። እሳቸው ይህን ከየት ያውቁታል?

"ፈተና ፈርተህ ነው የሸኘሃቸው!" አለችው ሰይድን የክፍላችን ልጅ እቴነሽ።

"ታዲያ መንገደኛ ላሰናክል ኖሯል?" አለ ሰይድ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

ለሚስተር ማቲው ነገሩን ላስረዳቸው ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። በሩን ከፍተው "አንቺም ልትሰናበቺኝ ነው?" ሲሉኝ እኔንም ልማዱ አሸነፈኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ለዛንዚባሩ ትምህርት ቤት መልሳቸውን ነገ ጠዋት በደሴው መኪና ይልካሉ። ከእናንተ መሃል የሚወደውን ሰው "አይሂዱብን" ያለ አለ? እንዴት እንደሚባል ከዚህ ሥር ጻፉልኝ፤ መኪናው ሳይነሳ።