ለትንንሾቹ ኮሌጆች የለመኑት አንድ ጨዋታ

የመንዝና የግሼ ትንንሽ ኮሌጆችን የእግር ኳስ ውድድር የሚያዘጋጁት አጎቴ፣ ውድድሩ ባለቀ ቁጥር ደብዳቤ ይዘው ከመሐል ሜዳ በአውቶብስ ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው የስፖርት ጽሕፈት ቤታችን ይመጡ ነበር። «አሸናፊያችን በዓመቱ መዝጊያ ዋንጫ ከትልልቆቹ ኮሌጆች ጋር አንድ ጨዋታ ይሰጠው» ይሉ ነበር፣ በየዓመቱ።

አምና የዋንጫውን መርሐ ግብር የማወጣው እኔ ነበርኩ። ለዘመዱ አደላ እንዳልባል ፈርቼ፣ በባልደረቦቼ ፊት «አባት፣ የእናንተን ጨዋታ ማን ያያል?» አልኳቸው።

እሳቸውም እንደማያውቁኝ ሆነው «እሺ ጌታዬ፣ ለከርሞ እንመለሳለን» ብለው ወጡ። ከርሞን ሳያዩ አረፉ።

ዘንድሮ የትንንሾቹን አሸናፊ ቡድን በዋንጫው አስገባሁ። ልጆቹ ሲጫወቱ እሳቸው በሜዳው ዳር አልነበሩም። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ተሰልፈው መጡና «እርስዎ ባይኖሩ እዚህ አንደርስም ነበር» እያሉ ጨበጡኝ። የማንን ልፋት እንደሚያመሰግኑ ልነግራቸው ሲገባ፣ አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ።