የድገሙት ልጅ

የእህቴን ባል ሰፈሩ በሙሉ «ድገሙት» ነው የሚለው። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት ባንክ ቤቱና እህቴ ብቻ ናቸው፤ እህቴም ካልተቆጣች አትጠራበትም። ሥራው ሠርግ መቅረጽ ነው። ከመኪና የወረደችን ሙሽራ መልሶ አስገብቶ እንደገና ያስወርዳል። የተቆረሰ ኬክ በክሬም አስለስኖ እንደ አዲስ ያስቆርሳል። አንድ ጊዜማ የሙሽራዋ አባት ልጃቸውን አቅፈው እንባቸው ዱብ ዱብ ሲል፣ ከካሜራው ጀርባ ብቅ ብሎ «በጣም ያምር ነበር፤ አንዴ ብቻ ይድገሙት» አላቸው። ሰውዬው ሊያለቅሱ ሞክረው ሳቃቸው አመለጣቸው። እስከ ዛሬ ከቀረጸው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ያንን ሳቅ ነው።

እህቴ ደግሞ ሙሽራ ታስውባለች። የእሷ ፀጉር ቤትና የእሱ ስቱዲዮ በአንድ በር ይገናኛሉ፤ እኔ በሩ ላይ ነኝ። የፀጉር ቢጎዲን እፈታለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ሲጣሉ እገላግላለሁ። ልጃቸውን ሚጣ ነው የምንላት፣ ቁመቷ እኔን ካለፈ ቢቆይም። ያደገችው እዚሁ፣ በፀጉር ማድረቂያ ካስክና በካሜራ መሀል ነው። ሌላው ልጅ በአሻንጉሊት ሲጫወት እሷ ከሞቱ ካሜራዎች ሌንስ እየፈታች ጉንዳን ታይበታለች። አባቷ ዓይኑ ደክሞ ስልኩን እጁን ዘርግቶ ማንበብ የጀመረ ጊዜ፣ እኛ ስንስቅበት እሷ አልሳቀችም። ስለ ዓይንና ስለ ሌንስ እማራለሁ ያለችው ያኔ ነው።

ይህን ትምህርት በወግ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያለው ድንበር ማዶ ነው። ከውጭ የሚቀበለው ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው፤ የሚያመለክተው ግን እንደ አሸዋ ነው። ሚጣ የጽሑፉን ፈተና አለፈች። ቀጥሎ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ መላክ ነበረባት፤ ቪዲዮው ከተወደደ ደግሞ እዚያው ተጠርታ ቃለ መጠይቅ ታደርጋለች። ቪዲዮው ላይ በእጇ የሠራችውን ነገር ታስረዳለች፤ ሳይቆረጥ፣ ሳይቀጠል፣ ያለ ሙዚቃ፣ በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ መሆን አለበት።

ድገሙት ከዚህ ሁሉ የሰማው «ቪዲዮ» የምትለዋን ብቻ ነው። «የሒሳብ ፈተና ቢሆን ምን አባቴ እረዳት ነበር?» እያለ ስቱዲዮው ውስጥ ተንጎራደደ። ፈጣሪ ራሱ ፈተናውን ለእሱ ብሎ ያወጣው መሰለው። እህቴም ማበጠሪያዋን አነሳች። የጎረቤት ነጋዴው ልጅ ባለፈው ዓመት ቪዲዮውን በሰማይ በሚበር ካሜራ ማስቀረጹን ሰምታ ስለነበር እንቅልፍ አልነበራትም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ብላት ማን ሊሰማኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ቀረጹ። አበባ መሀል አስቀመጧት። ንፋስ እንዲመስል እኔ የፀጉር ማድረቂያ ይዤ ከጎን ነፋሁባት። ድገሙት ጋሪ ላይ ተቀምጦ እየተገፋ ቀረጻት፤ ገፊውም እኔው ነበርኩ። እህቴ የልጇን ፀጉር ወደ ላይ ቆልላ፣ ዕንቁ ሰክታ፣ ከንፈሯን ቀብታ ስትጨርስ ሚጣ መስታወቱን ትክ ብላ አየችና «እማዬ፣ ሙሽራው የት አለ?» አለቻት። ካስክ ስር የነበሩ ደንበኞች ሁሉ በሳቅ ፈነዱ።

ማታ ድገሙት ሁሉንም ቀጣጥሎ አሳየን። እውነቱን ልናገር፣ ዓይን የሚያፈዝ ሥራ ነበር። ሚጣ አይታ ስትጨርስ ይሄ አይላክም፣ እንዳይቆረጥ ተብሏል አለች። እሱም ቁርጡን የዓለም ባለሙያ ቢሰበሰብ እንደማያገኘው ምሎ ተገዘተ።

«አባዬ፣ እነሱ ባያዩትም እኔ አውቀዋለሁ» አለችው።

እንደ ዱላ ነበር የመታችው። ካሜራውን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ውስጥ ገባ።

ለመላኪያው የቀረው የነገው ቀን ብቻ ነበር። በማግስቱ ደመናው ቀኑን ሙሉ አላላውስ ብሎ አመሻሹ ላይ ፀሐይ ብቅ አለች። ሚጣ ለካ ያሰበችውን አስባ ጨርሳለች። የፀጉር ቤቱን መስኮት በስቱዲዮው ጥቁር መጋረጃ ጥርቅም አድርጋ ሸፈነች። መጋረጃው መሀል ላይ የተበሳ ካርቶን አስገብታ፣ የካርቶኑን ቀዳዳ ብርሃን በሚያሳልፍ አንድ ትንሽ መስታወት ደፈነች። ከቀዳዳው ራቅ አድርጋ ነጭ አንሶላ ወጠረችና ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለች አስተካከለች።

መንገዱ አንሶላው ላይ መጣ። ስንዝር የሚያህሉ ሰዎች ከነቀለማቸው፣ ከነጥላቸው፣ በአናታቸው ይሄዳሉ። ታክሲው ጎማውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ይሽከረከራል። ጫማ ሠሪው ተዘቅዝቆ ጫማ ይሰፋል። ከዚያ መስኮት ውጪ ያለውን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቼው አላውቅም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ድገሙትም ቅያሜው ብን ብሎ ጠፋ፤ ካሜራውን አንስቶ መነጽሩን ሲያጠልቅ የመነጽሩ አንዱ ዓይን ባዶ ነው። ካርቶኑ ላይ የተገጠመው መስታወት የራሱ ነበር። አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ከካሜራው ጀርባ ቆመ።

የእህቴ ድርሻ ቀላል ነበር። ቀይ ጋውኗን ለብሳ፣ ዣንጥላ ይዛ፣ ውጪ ከመንገዱ ዳር ወደ ዳር ቀስ ብላ ማለፍ ብቻ። ሚጣ ጀመረች። ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ፣ ከላይ የመጣው ቀዳዳውን አልፎ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ከታች የመጣው ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ መንገዱ የተዘቀዘቀው ለዚህ እንደሆነ አስረዳች። እኔ እንኳን ገባኝ። እንግዲህ እዚህ ላይ እህቴ አንሶላው ውስጥ ገባች። ልቧ ተሰቅሎ ነው መሰለኝ እንደ ሌባ ነበር የሮጠችው።

«እሙ፣ ፈጠንሽ! አንዴ ድገሚው!»

ድገሙት ነው፣ ከካሜራው ጀርባ፣ በዚያ በሠርግ ድምፁ። ጨለማው ውስጥ ክው ብዬ ቀረሁ። እሱም ምን እንዳደረገ ሲገባው እጁን አፉ ላይ ጫነ። እህቴ ከውጪ ሰምታ ዞር አለችና ተመልሳ፣ በአናቷ፣ አሁን እንደ ንግሥት እየተራመደች ማለፍ ጀመረች።

ሚጣ አላቆመችም። ካሜራውን ቀና ብላ አየችው። «ይሄ የሰማችሁት ድምፅ የአባቴ ነው» አለች። «ያቺ በአናቷ የምትሄደው እናቴ ናት። ሌንሱን ያወጣሁት ከአባቴ መነጽር ስለሆነ፣ አሁን እየቀረጸኝ ያለው በአንድ ዓይኑ ነው።» ከዚያ ወደ ብርሃኗ ተመለሰች። የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ፀሐይዋ ከፎቁ ጀርባ ገባች፤ አንሶላውም ነጭ ጨርቅ ሆነ። ሌላ ቀረጻ የሚባል ነገር የለም። ያንኑ፣ የተባለውን ሁሉ በቋንቋቸው ተርጉማ በጽሑፍ አያይዛ፣ ላከችው።

ያን ወር ድገሙት ድገሙት አልነበረም። ሠርግ ይሄዳል፣ ይቀርጻል፣ ይመለሳል። ሙሽራ ቀሚሷን ረግጣ ብትደናቀፍ ዝም። ቀለበት ቢወድቅ ዝም። አንዲት የሙሽራ እናት ራሳቸው መጥተው እባክህ የእኔን እቅፍ እንደገና አንሳልኝ ቢሉት «ይበቃል እማማ፣ ደህና ነው» አላቸው። ሴትዮዋ ሥራው ላይ ተኝቷል ብለው ለሰፈሩ አወሩ። ማታ ማታ እህቴ ደጋግማ ትነግረዋለች፤ እሷም ሮጣለች፣ ጥፋቱ የጋራ ነው። እሱ ግን አመል ያወጣል ከመሐል እያለ አንገቱን ይደፋል። የልጁን ዕድል በገዛ አፉ እንደዘጋ እርግጠኛ ነበር። እኔም፣ አልዋሽም፣ እንደዚያው አስብ ነበር።

ጥሪው የመጣው ግማሽ ራሷን ቀለም የተቀባች ደንበኛ ወንበር ላይ እንዳለች ነው። ሚጣ ስልኳን እያየች ከስቱዲዮው ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። ለቃለ መጠይቅ ከነወላጆቼ ተጠርቻለሁ አለች። እህቴ የቀለም ብሩሿን እንደያዘች አቀፈቻት፤ ድገሙት ሁለቱንም አቀፋቸው፤ ሦስቱም ቀለም በቀለም ሆኑ። ደንበኛዋም ወንበሩ ላይ እያጨበጨበች፣ ግማሽ ራሷ እንደ ቀይ ሥር ቀልቶ ቀረ። እስኪስተካከል ሁለት ጊዜ ነው የቀባናት፣ አንዴም አላማረረችም።

እኔም አብሬ ሄድኩ። ወጣት ሳለሁ ድንበር ማዶ ሠርቼ ስለነበር ቋንቋቸውን አውቃለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ድገሙት ካሜራውን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ልጁ ከዩኒቨርሲቲው በር ስትገባ ከየት ወገን እንደሚቀርጻት ሲያቅድ ነጋ። ድንበሩ ላይ ግን ፈታሹ ቦርሳውን ከፍቶ አየና ይህን የሚያህል ካሜራ ያለ ፈቃድ አያልፍም አለ። ወይ ትመለሳለህ ወይ ትተኸው ታልፋለህ። እህቴ ልትለምን አፏን ከመክፈቷ በፊት ድገሙት ማንገቻውን ከትከሻው አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አመስግኖ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ግን ትከሻውን እየነካ ነበር የሚሄደው።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ረጅም ኮሪደር ላይ ከሌሎች ወላጆች ጋር ተደረደርን። ሁሉም ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጥተዋል። የእኛው ሰው ባለ አንድ መስታወት መነጽሩን ነው ያጠለቀው። ሌላ ግዛ ብንለው እምቢ ብሏል፤ ሁለተኛው መስታወት ሚጣ ኪስ ውስጥ ነው፣ እዚያ ይሻላታል ብሎ። ሚጣ ገብታ ብዙ ቆየች። እህቴ አጥንቴ እስኪሰማኝ ድረስ እጄን ጨምድዳ ይዛለች።

በሩ ተከፈተና ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ መምህርት ወጡ። ኮሪደሩን በዓይናቸው ቃኝተው፣ ድገሚው ያሉት አባት ማናቸው ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩለት። ድገሙት እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ተነሣ፤ ገና ሳይጠየቅ ይቅርታ ይለምን ጀመር። ሴትዮዋ እጃቸውን አንስተው አስቆሙትና ቀስ ብለው ተናገሩ፣ እኔም ቃል በቃል አስተላለፍኩ።

«ብዙዎቹ የላኩልን በባለሙያ የተቆረጠና የተቀጠለ ነበር፤ ማንን እንመን ብለን ተቸግረን ነበር። የእርስዎን ድምፅ ስንሰማ ይቺ ልጅ እውነተኛ ናት አልን። ማንም እንዲህ ያለውን ስሕተት አስቦ አይሠራውም።»

ድገሙት ሰማኝ፤ ግን የሰማ አልመሰለም። እህቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ሴትዮዋ ተመልሰው ገቡ።

ትንሽ ቆይቶ ሚጣ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ቆመች። ፊቷ ሁሉ ብርሃን ነበር።

«አባዬ፣ ተቀበሉኝ።»

ድገሙት እጁን ወደ ባዶ ትከሻው ሰደደ። የሚያነሳው ነገር አልነበረም። በአንዷ መስታወቱ በኩል አያት፣ ዓይኑ እንባ ስለሞላ ምንም እንዳላየ አውቃለሁ።

«አላየሁሽም» አለ። «አንዴ ብቻ ድገሚው።»

ሚጣ ሳቀች። ዞራ በሩን ከፍታ ገባች፤ ውስጥ ያሉት መምህራን ምን ተፈጠረ ብለው ቀና ሲሉ አየኋቸው። በሩ ተዘጋ። ተከፈተ። ወጣችና እንደ መጀመሪያው ቆመች። ከኪሷ መስታወቱን አውጥታ የአባቷ መነጽር ባዶ ዓይን ላይ በጣቶቿ ይዛ አስጠጋችለትና እንደገና ነገረችው።