የፈሰሰው አይለቀምም

መካነ ሰላም እንግሊዝኛ ሳስተምር የገጠመኝን ላውጋችሁ። የዕለቱ ቃላችን «ኢምፔቹየስ» ነበር፤ ሳያመዛዝን ስሜቱ እንደነዳው የሚያደርግ፣ ግብታዊ ማለት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደምንለው» አልኩና ምሳሌ ጠየቅኩ።

ብርቱካን ተነሳች። ከወግዲ ገጠር መጥታ፣ ከአገሯ ልጅ ከትዕግስት ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ዝምተኛ ልጅ ናት። «አባቴ ኢምፔቹየስ ነበር» አለች በእንግሊዝኛ። ቀጥሎ ያለውን ግን በአማርኛ ነው የተናገረችው።

«ወሰኔ ተገፋ ብሎ፣ ሳይጠይቅ ዱላ አነሳ። እሱ ያፈሰሰው ግን አይለቀምም፣ ቲቸር።»

እኔም ነገሩን ላቀልል ብዬ «ለመሆኑ ማንን ፈነከተ?» አልኳት። አቀርቅራ እግሯን ታያለች። ምን አስጠየቀኝ እያልኩ፣ ተቀመጪ ልላት አፌን ስከፍት አጠገቧ የነበረችው ትዕግስት ብድግ አለች።

«የገደለው የኔን አባት ነው። ሽማግሌዎች ደሙን ካደረቁት ወዲህ የሁለታችን ስንቅ አንድ ነው።»

የብርቱካንን እጅ ያዘችና ወደ ሰሌዳው አየች።

«ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ከሆነ ይጻፉልን።»