ጣሪያ የሌለው ጀልባ

የአለምወርቅ ጀልባ ልትገዛ ነው የሚለው ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሳቁት የዕድሩ ሴቶች ናቸው። ጆሃንስበርግ ባሕር የላትም። ቅርብ የሚባለው ባሕር እንኳ በመኪና ግማሽ ቀን ያስኬዳል።

«ምን ላይ ልትነጂው ነው፣ አስፋልቱ ላይ?» አለቻት ዕፀገነት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ። የቀሩት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ሳቁ።

«አስፋልቱንማ ስንት ዓመት ነዳሁት። አሁን ተራው የውሃው ነው» አለች የአለምወርቅ፤ ሳቁ እስኪያልቅም ቆማ አልጠበቀችም።

ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ባለው ዳቬይተን ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ዓይነት የሰፈር ሱቅ አላት። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆማ ዳቦ፣ ነጭ ጋዝና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። ሱቋ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፤ አንዴ ደግሞ በውጭ ዜጎች ላይ ግርግር በተነሳ ሰሞን ተቃጥሏል። ያኔ ወዳጆቿ ሁሉ «ሌላ ሰፈር ፈልጊ» ብለው መከሯት። እሷ ግን ጥላሸቱን በገዛ እጇ ፍቃ፣ በሩን ያንኑ ሰማያዊ ቀለም ቀብታ፣ እዚያው ከፈተች። «ማማ፣ ተመለስሽ?» ሲሏት ደንበኞቿ፣ «መቼ ሄጄ?» ትላቸው ነበር።

ተወልዳ ያደገችው ሻሸመኔ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣችው እንደ ብዙው ሰው በሞያሌ አልፋ፣ ኬንያን አቋርጣ ነበር። ከሞምባሳ ወዲያ ግን ደላሎቹ በባሕር ወሰዷቸው። ማታ በጨለማ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ላይ አሳፈሯቸውና እንደ ከሰል ጆንያ ጎን ለጎን ደርድረው ትልቅ ሸራ ደፉባቸው። «አንገቱን ቀና ያደረገ ወዮለት» ተባሉ። ሸራው ሥር ያለው አየር ናፍጣና ትውከት ይሸት ነበር። ከአጠገቧ ዱባለ የሚባል የሆሳዕና ልጅ፣ ከዱባለ ወዲያ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ሽጉጤ ተኝተው ነበር። ዱባለ መንገድ ላይ ትኩሳት ያዘው። አንድ ሌሊት መቃተቱ ቆመ። የደላሎቹ ሰዎች መጥተው እግሩን ጎተቱት፤ ቀጥሎ ውሃው «ቧ» ሲል ተሰማ። ሽጉጤ ሊነሳ ሲል በዱላ መልሰው አስተኙት። የአለምወርቅ እጁን ይዛው አደረች።

ሞዛምቢክ ሲወርዱም ጨለማ ነበር። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ አንዴም ሳታየው ቀረች።

ይህን ነገር ለማንም አታወራም ነበር። ኋላ በአውሮፕላን ያስመጣቻት ልጇ ዮአዳን እንኳ ቁርጥራጩን ብቻ ነው የምታውቀው። ባለፈው ታኅሣሥ ዮአዳን ሥራ ያዘችና እናቷን ላዝናናት ብላ ደርባን ወሰደቻት። የአለምወርቅ ወደቡ ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ፊቷን ወደ ከተማው አዙራ ተቀመጠች። ድንገት ከኋላዋ የሞተር ድምፅ ሰምታ ዞር ስትል፣ ትንሽ ብርማ ጀልባ ከባሕሩ እየገባች ነው። መሪውን የያዘችው ባርኔጣ ያጠለቀች፣ ፀጉሯ የነጣ አሮጊት ናት። ብቻዋን ናት። ቆማ ነው የምትነዳው።

የአለምወርቅ ተነስታ እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ ሄደች።

«ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለች ዮአዳን ተከትላት።

«እንዲህ ያለ እገዛለሁ።»

«ምን? ባርኔጣውን?»

«ጀልባውን።»

ዮአዳን ቀልድ መስሏት ነበር። ወዲያው በሚቀጥለው ሳምንት ግን እናቷን በስተሰሜን ካሉት ሀብታም ሰፈሮች ወደ አንዱ፣ ወለሉ እንደ መስታወት ወደሚያበራ የጀልባ መሸጫ በመኪና ወሰደቻት። ሻጩ ወጣት ከላይ እስከ ታች አያትና «ለአለቃሽ ነው?» አላት።

«አዎ፣ ለአለቃዬ ነው። አለቃዬ እኔ ነኝ።»

ልጁ እየሳቀ ጥግ ወዳለችው ትንሿ ጀልባ ወሰዳት። «ለግድብ ትሆንሻለች» አለ። ባሕር እንደምትሄድ ስትነግረው «ባሕር እንኳ ለእናንተ…» ብሎ ጀመረና ተወው። የአለምወርቅ እስኪጨርስ ጠበቀችው። አልጨረሰም። «ደህና ዋል» ብላው ወጣች።

ሁለተኛው ቦታ ቤኖኒ ከተማ ዳር የሚገኝ የአንድ ሽማግሌ ጓሮ ነው። ሰዉ ሁሉ «ኦም ያኒ» ይላቸዋል፤ ኦም በቋንቋቸው አጎት ማለት ነው። ከሣሩ መሃል በተጎታች ላይ የተጫኑ ሦስት የአሉሚኒየም ጀልባዎች ነበሯቸው። ለማን እንደምትገዛ አልጠየቋትም። «የት ነው የምትነጂው?» ብቻ አሉ።

«ባሕር። ከዳር ብዙ ሳልርቅ።»

«እንግዲያው ይቺን እርሻት» አሉና የመጀመሪያዋን በእግራቸው ነካ አደረጓት። «ሆዷ ዝርግ ነው። ግድብ ላይ እንደ ጠረጴዛ ረግታ ትቆምልሻለች። ባሕር ላይ ግን ማዕበሉ በጥፊ ነው የሚላት፤ ጥርስሽን ከወለሉ ትለቅሚያለሽ። ደግሞ ላሜራዋ በምስማር ነው የተያያዘው። ምስማር ውሎ አድሮ ይላላል፣ ውሃ ያስገባል።»

የቀሩት ሁለቱ ሆዳቸው እንደ መጥረቢያ የሾለ፣ መጋጠሚያቸው የተበየደ ነው። የአለምወርቅ ተንበርክካ በቀለበቷ ብየዳውን እያንኳኳች ዳር እስከ ዳር ሄደች። አባቷ ባትላሜራ ነበሩ፤ የልጅነት ጨዋታዋ እሳቸው መዶሻ ሲያሳርፉ ላሜራው የሚሰጠውን ድምፅ መስማት ነበር። ቀና ብላ «ደህና ነው» አለች።

ኦም ያኒ ፈገግ ብለው ከጀልባው አፍንጫ ሥር አንድ ቦታ አሳዩዋት። «ይሄን አለፍሽው። ድንጋይ መትቶት ያስጠገንኩት ነው። ጥገናው ጠንካራ ነው፤ ግን ሳታውቂ አትግዢ።» የአለምወርቅ መልሳ አንኳኳችው። እውነታቸውን ነው፣ ድምፁ ደፈን ይላል። ሽማግሌውን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አመነቻቸው።

«ወለሉ ሥር ፎም ታጭቋል» ቀጠሉ። «ጀልባው ውሃ ቢሞላው እንኳ አይሰምጥም። ጠርዙን ይዘሽ እርዳታ መጠበቅ ነው።»

«ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት።

ከሁለቱ አንዱ ከፊት ለፊቱ ትንሽ ክፍል አለው፤ ጣሪያና መስኮት ያለው፣ ሁለት ሰው አጎንብሶ የሚገባበት። ሌላው ክፍት ነው፤ መሪው መሃል ላይ ቆሟል፣ ጎኑና ጎኑ ከፍ ያለ ነው። ኦም ያኒ ባለ ክፍሉን መከሯት። ዮአዳንም «ማሚ፣ ዚስ ዋን፣ ፕሊስ። ዝናብ ቢመጣ ትገቢበታለሽ» አለች።

«አልገባም።»

«ማዕበሉ ሲረጭሽ ትገቢያለሽ» አሉ ሽማግሌው። «ሁሉም ይገባል።»

«ይርጨኝ። ጣሪያ ያለው አልፈልግም።»

«ግትርነት ባሕር ላይ አይጠቅምም፣ እመቤት።»

የአለምወርቅ ደም ፊቷ ላይ ወጣ። ለልጇ እንኳ አሟልታ ያልነገረችውን እዚያው ጓሮ ውስጥ ቆማ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገረችው፤ ሸራውን፣ ሽታውን፣ ዱባለን፣ የውሃውን ድምፅ። ዮአዳን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ።

«ክፍቱን ውሰጂ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ዋና ሳትችዪና የመንጃ ፈቃድ ሳታወጪ ባሕር አታወርጅውም። ቃል ካልሰጠሽኝ አልሸጥልሽም።»

«እርስዎ ማን ነዎት የሚከለክሉኝ?»

«ሻጩ ነኛ።»

ተፋጠጡ። ቃል ሰጠችና ወሰደችው።

ጀልባው ዳቬይተን ግቢዋ ውስጥ በቆመ በመጀመሪያው እሑድ ሽጉጤ ከካትሌሆንግ ሰፈር መጣ። እሱም እዚያ ሱቅ አለው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንደ ወንድምና እህት ናቸው፤ በዓል ያለ እሱ አታከብርም። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እያየኸው። ጀልባ ነዋ።»

«የአለሜ፣ ዱባለ እኮ ባሕሩ ውስጥ ነው።»

«አጣሁት?»

«የወንድሜ መቃብር ላይ ሽርሽር ልትወጪ ነው?»

አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከፍታ ፊቱ አስቀመጠች። «መቃብር ከሆነ ሰው ሄዶ ይጠይቀዋል። አንተ ስንት ጊዜ ጠየቅኸው?»

«ያ ውሃ አንዴ ተፍቶናል» አለ ሽጉጤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለተኛ መመለስ እብደት ነው።»

«ውሃው ምን አደረገን? ሸራ የደፉብን ሰዎች ናቸው። ከውሃው ጋር ጠብ የለኝም። ጠብ ቢኖረኝም ፊቱን እያየሁ ነው የምጣላው።»

ለስላሳውን ሳይቀምስ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለወራት ስልኳን አላነሳም። ይህ ከሴቶቹ ሳቅ ይልቅ ጎዳት፤ ሱቅ ውስጥ መልስ እየተሳሳተች ብዙ ቀን ዋለች። ጀልባውን የመሸጥ ሐሳብ ግን አልመጣባትም።

ዋና የተማረችው ቤኖኒ ካለው የሕዝብ ገንዳ ነው። አብረዋት የሚማሩት የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ነበሩ። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ልብስ ለብሳ፣ የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ስትንፈራገጥ፣ ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ «ማማ፣ አትፍሪ፣ እኔም እፈራ ነበር» አለቻት። የአለምወርቅ ያን ዕለት ጠርዙን ለቀቀች። ጀልባ መንዳቱን ደግሞ ኦም ያኒ ቫል ግድብ ላይ አስተማሯት። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች፤ የገመድ አቋጣጠር ሲጠይቋት እጇ ተሳሰረ። ፈታኙ «ለሚቀጥለው ዓመት ብትዘጋጂ ይሻላል» ሲላት፣ «ቀጣዩ ፈተና መቼ ነው?» አለችው። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ በብረት ፍርግርጉ ላይ ገመድ ስታስርና ስትፈታ ከርማ፣ በሁለተኛው አለፈች።

«ማሚ፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፕሩቭ ኤኒቲንግ» አለቻት ዮአዳን አንድ ቀን፣ ቋጠሮውን ስትታገል አይታ።

«ለማን ብዬ ነው የማረጋግጠው? ይሄን ጫፍ ያዥልኝ ይልቅ።»

ጀልባውን ወደ ሪቻርድስ ቤይ ወደብ በተጎታች ወሰዱት። ኦም ያኒ «የመጀመሪያውን ቀን አብሬሽ እወጣለሁ፤ ግን እጄን ኪሴ ከትቼ ነው» ብለዋት ነበርና አብረው ሄዱ። ጀልባው ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ሲነሳ፣ የአለምወርቅ ከማቆሚያው በኩል አንድ ሰው ሲመጣ አየች። ሽጉጤ ነው። ዮአዳን ናት በምስጢር የነገረችው።

«ትወጣለህ?» አለችው።

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። የጀልባውን ጎን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ሞተሩን አየ፣ መልሶ እሷን አየ።

«ዱባለ ጆሮው ትንሽ ይከብደው ነበር» አለ። «ከጠራሽው ጮክ ብለሽ ጥሪው።»

ከዮአዳንና ከኦም ያኒ ጋር የወደቡን አፍ አልፈው እስኪወጡ ድረስ የአለምወርቅ ከመሪው ሌላ ምንም አላየችም። ከዚያ የመጀመሪያው ትልቅ ማዕበል መጣ። ጀልባው አፍንጫውን አነሳ፣ ሰነጠቀው፣ ወረደ። ውሃው ከራሷ እስከ እግሯ አለበሳት። ሁለተኛው ማዕበል ሲመጣ ፈርታ የጀልባውን ጎን ሰጠችውና ክፉኛ አዘመመ። የኦም ያኒ እጅ ከኪሳቸው ብቅ አለ። «አፍንጫውን! አፍንጫውን ስጪው!» ጮኹ። መሪውን ጠመዘዘችው፤ ተስተካከለ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ተመለሰ።

ራቅ ብለው ሞተሩን ዝቅ አደረገች። ባሕሩ ሰማያዊ አልነበረም፤ እንደ አሮጌ ጠርሙስ አረንጓዴ ነበር፣ ሰፊም፣ ለማንም ደንታ የሌለው። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ማሚ፣ ተቀመጪ!» አለች ዮአዳን የሕይወት አድን ጃኬቷን አንቃ ይዛ።

«አልቀመጥም» አለች የአለምወርቅ። የመሪውን ብረት በሁለት እጇ ጨበጠችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጠራችው። «ዱባለ! ዱባለ! የአለምወርቅ ነኝ! ሽጉጤ ደህና ነው! ደርሰናል!» ጉሮሮዋ እስኪነቃ ጠራችው። ኦም ያኒ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ዮአዳን ታለቅስ ነበር።

ሲመለሱ ገመዱን የተቀበላቸው ሽጉጤ ነው። «ጠራሽው?» አለ።

«ጠራሁት።»

ገመዱን ከምሰሶው አስሮ ሲጨርስ የአለምወርቅ ፈትታ እንደገና አሰረችው፤ «ይሄ የፍየል አስተሳሰር ነው» ብላ። እሱም ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀላት።

በማግስቱ ብርቱ ነፋስ ተነሳና ትናንሽ ጀልባዎች እንዳይወጡ ተከለከለ። ዮአዳን ሥራ ነበረባት። «እንሂድ ማሚ፣ ያሰብሽው ተሳክቷል እኮ» አለች።

«አንድ ቀን ብቻ ነው የወጣሁት። አንቺ በኦም ያኒ መኪና ሂጂ።»

«ሱቁስ?»

«ተዘግቶ ይቆያላ። ስንት ጊዜ ሌሎች ዘጉብኝ፤ አንዴ እኔ በፈቃዴ ልዝጋው።»

ሽጉጤም አብሯት ቀረ። ጀልባው ላይ አልወጣም፤ እስከ ዛሬም አልወጣም፤ እሷም አትለምነውም። ሁለቱ ከአንዲት አነስተኛ እንግዳ ማረፊያ የየራሳቸውን ክፍል ተከራይተው፣ ጨው ላሜራውን እንዳይበላው ጀልባውን በንጹሕ ውሃ እያጠቡ፣ ስለ ዱባለ የልጅነት ክፋት እያወሩ ነፋሱን ጠበቁት። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የወደቡ ሠራተኛ መጥቶ «ነፋሱ ገና ነው፤ ለምን ወደ ቤትሽ አትሄጂም?» አላት።

የአለምወርቅ ከፕላስቲክ ወንበሯ አልተነሳችም። «ነፋሱን ሂድ በልልኝ እንጂ» አለችው እየሳቀች፣ «መሄድማ እንኳን ለነፋስ ለእሳትም አልሄድኩ።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጋብ አለ።