ያልመጣው ማዕበል

በባሕር አየር ትንበያ ክፍሉ «እመት ምናልባት» እያልን ነበር የምንጠራት። ምሳ ትበያለሽ ወይ ስትባል እንኳ በመስኮቱ አይታ «ምናልባት» ነው የምትለው። እሷ የነፋሱንና የሞገዱን ካርታ ታነባለች፤ እኔ የሬዲዮ ሠራተኛው ከጎኗ ተቀምጬ ቃሏን ለመርከቦች አስተላልፋለሁ። ስሙን ያወጣሁላትም እኔው ነኝ።

እናቷ ሆስፒታል በተኙበት ሳምንት አንድ የጭነት መርከብ ወደ ወደባችን እየተመለሰ ነበር። የመርከቡ መካኒክ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሐኪሙ «ነገ ካልደረሰ አያገኛቸውም» ብሏታል። እናትየው በሩ በተከፈተ ቁጥር «መጣ?» ይላሉ።

ካፒቴኑ በሬዲዮ ጠየቀ፦ «ባሕሩን ቀጥ ብለን እናቋርጥ ወይስ በደሴቶቹ ጀርባ እንዙር?» ቀጥታው ነገ ያደርሳል፤ ዙሩ ቀናት ይጨምራል። የሳተላይቱን ምስል ደጋግማ አየችው። ከደቡብ ኃይለኛ ነፋስ እየገፋ ነበር።

«ይዙሩ በላቸው» አለችኝ።

«እናትሽስ?»

«መርከቡ ላይ ያለው ሁሉ እናት አለው።»

«ምናልባት ማዕበሉ ባይመጣስ? አንቺ መቼም ምናልባት አታጪም።»

«ሊቀር ይችላል» አለች። «ከመጣ ግን ይገለብጣቸዋል። ይዙሩ።»

ቃሏን እንዳለ አስተላለፍኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ በማግሥቱ የጠራው ግን ሰማዩ ነበር። ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ሄዷል። በቀጥታው መንገድ ላይ ውሃው ዘይት መስሎ ተኝቷል። እናትየው በዚያው ቀን ማምሻውን አረፉ። እስከ መጨረሻው በሩን እያዩ ነበር።

ወንድምየው የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። የሥራ ቱታውን ሳያወልቅ ቢሯችን መጣና ፊቷ ቆመ።

«ቀጥ ብለን ብንመጣ ምን ይደርስብን ነበር?» አላት።

እኔ ቀደም ብዬ «ተወው ወንድሜ፣ ተርፋችኋል» ማለት ስጀምር በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«ምንም» አለችው። «ማዕበሉ አልመጣም። እማዬን ታገኛት ነበር።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። እኔ ሬዲዮውን የምጠግን መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። እንዲህ ያለው እውነት ለማን ይበጃል ብዬ በውስጤ ተናደድኩባት።

ብዙ ቆይቶ ቀና አለ።

«ነገ እንወጣለን» አላት። «ባሕሩ እንዴት ነው?»

ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ካርታውን ወደ እሱ አዞረች።

«ጠዋት አትውጡ። ከሰዓት በኋላ ይሻላል።»

«እሺ» አለ፣ «ለካፒቴኑ እነግረዋለሁ።»