«አለቀ?» ለሚሉ ሾፌሮች የጻፍኩት ኮልባክ

ቃሊቲ የሲሚንቶ መጋዘን በር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው «አለቀ?» የምትለዋን ቃል አያውቃትም። እኔ ሁለት ዓመት ሰምቻታለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ያገኘሁት የተከበረ ሥራ በር ላይ፣ የላስቲክ በርጩማ ላይ፣ ደብተር ይዞ መቀመጥ ነበር። መኪናው እየተጫነ ሾፌሩ በየአምስት ደቂቃው እየመጣ «አለቀ?» ይለኛል። አላለቀም እለዋለሁ። ሻዩን ፉት ብሎ ይመለሳል።

በስልኬ ፕሮግራም መጻፍ ስማር ይህን ጥያቄ ላጠፋ ተነሳሁ። የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ከስልጤ መጥተው ከጆንያ ተሸካሚነት የተነሱ ሰው ናቸውና በወሬ አያምኑም። እስከ ቅዳሜ ከሠራልሽ ላይኛው ቢሮ ኮምፒውተሩ ጋ ትቀመጫለሽ፣ ካልሠራ ደብተርሽ አለ አሉኝ። ቢሮው የሚሽከረከር ወንበር አለው። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

በፕሮግራም ቋንቋ ክላስ ማለት እንደ ብሎኬት ማውጫ ነው፤ ቅርጹ አንዴ ይበጃል፣ ከዚያ ብሎኬቱ እየተደጋገመ ይወጣል። «ጭነት» የሚል ክላስ ነበረኝ፤ ኮልባክ፣ ማለትም ነገሩ ሲያልቅ ራሱ የሚጠራ ትእዛዝ፣ ጨመርኩበት። እያንዳንዱ ጭነት ሲያልቅ ንገረኝ ያሉትን ሰዎች ስልክ ይይዛል፤ ሲያልቅ ራሱ መልእክት ይልክላቸዋል። የተማርኩበት ጽሑፍ አድማጭ፣ ማለትም መልእክት ተቀባይ፣ የፈለገውን ያህል ይብዛ ስላለ ገደብ አላበጀሁም። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ቃሊቲ ወረፋ ይዞ አያውቅም።

ሾፌሮቹ ስልካቸውን እንዲያስገቡ በሩ ላይ ታብሌት አሰርኩ። ሁሉም አባባ የሚሏቸው የወሎ ሰው፣ አንጋፋው ሾፌር፣ መጀመሪያ የራሳቸውን አስገቡ። ቀጥለው ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው የሌላ ስምንት ሰው አስገቡ። ሽማግሌ ቴክኖሎጂ ሲወድ ደስ ይላል ብዬ አየሁ። ብልህ ነኝ ባይ።

አርብ ረፋድ ላይ የእሳቸው መኪና ተጭኖ አለቀ። ኮልባኩ አንዲት እንኳ ሳይሳሳት ለዘጠኝ ስልክ «ጭነቱ አልቋል፣ ይምጡ» አለ። ስምንቱ ተራችን ደረሰ ብለው ከነተሳቢያቸው ለአንድ በር መጡ። መንገዱ ተዘጋ። ጥሩምባው ሳሪስ አቦ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሐጂ በላይኛው መስኮት ቆመው ያያሉ።

«አባባ፣ የማንን ስልክ ነው ያስገቡት?»

«የወንድሞቼን ነዋ። ወረፋ ያዝኩላቸው። ድሮ ድንጋይ እናስቀምጥ ነበር፤ አንቺ ድንጋዩን አስቀረሽልን፣ ተባረኪ።»

ተመረቅኩ። ማታውን ተቀምጬ አንድ ጭነት የሚያውቀው ታርጋው የተጻፈለትን ሾፌር ብቻ እንዲሆን አደረግኩ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን አንድም ያለ ተራው የመጣ መኪና አልነበረም። ሐጂ ጠሩኝ፤ ወንበሩን አየት አደረግኩት።

«ሠርቷል» አሉ። «ግን ይሄ ማሽን ሰው አያውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ኮምፒውተሩን ይዘሽ ውረጂ።»

ወንበሩ አልወረደም። ስለዚህ አሁን በሩ ላይ፣ እዚያችው የላስቲክ በርጩማ ላይ ሆኜ ፕሮግራም እጽፋለሁ። «አለቀ?» የሚለኝም የለም፤ እሱን በእርግጥ አጥፍቼዋለሁ። አባባ ትናንት ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ አልቋል የሚል መልእክት መጣልኝ። እውነት ነው?»