የጋቢናው ወለል

መካኒኩ መዶሻ ሰው ሊመታ ሲል መጀመሪያ መነጽሩን ያወልቃል። ጋራዡን የሚያዘወትሩ ደንበኞች ይህን ስለሚያውቁ፣ እጁ ወደ አፍንጫው ከፍ ሲል ካዩ ለክርክር የከፈቱትን አፍ ዘግተው ወደ በሩ ያፈገፍጋሉ። ያላወቀ ግን አይጠፋም። አንድ የታክሲ ሹፌር የሞተር ዘይቱን በጊዜው እንደቀየረ ምሎ ተገዝቶ፣ ዘይቱ ሲቀዳ እንደ ሬንጅ ወፍሮ ቢወጣ፣ መዶሻ መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ሁለት የፊት ጥርሱን በቡጢ አራገፈለት። ሹፌሩ ሰንብቶ መኪናውን ይዞ እዚያው ተመለሰ። ምን ያድርግ? የመዶሻ እጅ ወርቅ ነው፤ እሾህ የሆነው ጠባዩ ነው።

ቤትም ያው ነው። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቡጢው የበሳው ቀዳዳ አለ፤ ሚስቱ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላ ሸፍናዋለች። እሷን ስንት ጊዜ እንደመታ እሱ አያስታውስም፤ እሷ ግን ሳታስታውስ አትቀርም። ጎረቤት ዓይኗን አይቶ ሲጠይቃት «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ትላለች። ቤታቸው ደረጃ የለውም።

አንድ ልጅ ብቻ አለችው። መዶሻ ለዓለም የሚሳሳ ሰው ባይሆንም ለሷ ግን ይሳሳል፤ «ልጄን በአበባ እንኳ መትቻት አላውቅም» እያለ እንደ ትልቅ ሙያ ያወራዋል። እናቷ ስትመታ ልጅቷ የት ቆማ ታይ እንደነበር ጠይቆ አያውቅም። ካገባች በኋላ አንድ ቀን ከንፈሯ አብጦ መጣችና «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» አለች። እሷስ እውነትም ፎቅ ቤት ነው የምትኖረው። እናትና ልጅ ተያዩ፤ መዶሻ ምግቡን ጨርሶ ተነሳ።

አማቹ፣ የልጁ ባል፣ ቀይ የስፖርት መኪና አለው፤ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ለመግባት መጎንበስ ለመውጣት መጸለይ የሚያስፈልገው ዓይነት። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እያጓራ ጋራዡ ውስጥ አስገባው።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ሊያስጨርሰኝ ነው» አለ። «ነዳጅ ስረግጥለት ያመነታል። ትንፋሹን ውጦ ይቆይና ድንገት ይፈተለካል። ትናንት ከጭነት መኪና ሥር ሊከተኝ ነበር።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«አንዳንዴ ነው። የሚብስበት ልጅዎ አብራኝ ስትሆን ነው፤ ገዷ አይቀናም መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። መዶሻም አብሮት ሳቀ።

ሥራውን እንደ ወጉ ጀመረ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ አየ፤ ንጹሕ ናቸው። የነዳጅ ፊልትሮውን አየ፤ አዲስ ነው። የፖምፓውን ግፊት ለካ፤ ደህና ነው። የአየር ቱቦውን ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው፤ ስንጥቅ የለውም። የመመርመሪያ መሣሪያውን ቢሰካው ሁሉ ሰላም ነው አለው። መሣሪያ መቼም እንደ ጎረቤት ነው፤ ሲጠየቅ ምንም አልሰማሁም ይላል። ብቻውን ይዞት ወጥቶ ቢነዳውም መኪናው አንድ ጊዜ እንኳ ሳያመነታ ተመለሰ። ይሄኔ ነው የአማቹ ቀልድ ጭንቅላቱ ውስጥ የገባው። ጋቢና ሰው ሲቀመጥ የሚብስበት ከሆነ ነገሩ ገድ ሳይሆን ክብደት ነው፣ ወይም እግር።

«አንተ ንዳ፤ እኔ ጋቢና እሆናለሁ» አለውና ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። የመዶሻ ልማድ ነው። ሞተር በጆሮ ብቻ አይሰማም፣ ጆሮ ይታለላል፣ እውነቱ ያለው ወለሉ ላይ ነው ይላል።

አማቹ መንዳት ሳይሆን መማታት ነው የሚያውቀው። አንድ ብስክሌተኛ ቢያዘግምበት መስኮቱን አውርዶ እናቱን ሰደበ፤ አሮጊት ስትሻገር ክላክሱን ተጭኖ አስደነገጣት። መዶሻ ፈገግ አለ፤ ደስ የሚለው ዓይነት ወንድ ነው። ኩርባው ላይ ሰውነቱ ሲያጋድል ቀኝ ተረከዙ ከጎኑ ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ገፋው፤ ወዲያው ሞተሩ ትንፋሹን ዋጠ። እግሩን አነሳ፤ መኪናው ሄደ። መልሶ ገፋው፤ አመነታ።

«አገኘሁህ!» ብሎ ጭኑን መታ። ሕፃን ይመስል ነበር።

ጋራዥ ደርሰው ሊወርድ ሲል የበሩን መክፈቻ በእጁ ፈለገ። የለም። ቦታው ላይ ሁለት ባዶ የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

«ይሄ መክፈቻ የት ሄደ?»

«ተሰብሮ ነው አባባ» አለና ዞሮ ከውጭ ከፈተለት። መዶሻ ቀዳዳዎቹን አያቸው። የተሰበረ ነገር የለም፤ ብሎኖቹ በካቻቪቴ ነው የተፈቱት።

አማቹ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። «አንቺ! ጋራዥ ነይ ብዬሻለሁ እኮ። ምን? እንዳታስጠብቂኝ፣ ታውቂኛለሽ!» ሲል ይሰማል። መዶሻ ምንጣፉን ሊገልጥ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ድምፁ የአማቹ ቢሆንም ቃሉ የራሱ የመዶሻ ነበር፤ አንድም ሳይጎድል፣ ለሚስቱ የሚለው።

ምንጣፉን ገለጠው። የሞተሩ ኮምፒውተር እዚያ ነው ያለው፤ ከጋቢናው እግር ማስቀመጫ ጎን፣ ከመሸፈኛው ኋላ። መሸፈኛው በታኮ ምት ተሰነጣጥቋል። አንድ ቦታ አይደለም፤ ላይም ታችም ተወጋግቷል፤ ምንጣፉም ወደ ኋላ ተፍቆ ተላጭቷል። ከመሸፈኛው ኋላ ያለው ሶኬት ከቦታው ሾልኮ በጫፉ ብቻ ተንጠልጥሏል። መሸፈኛው በተነካ ቁጥር ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ የሚያዘው ያጣል።

መዶሻ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ምልክቶቹ ላይ አሳረፈ። ምን ዓይነት አቀማመጥ እንዲህ ያስረግጣል ብሎ ነው፣ ለሥራው። እግሮቹ ምልክቶቹን ሲያገኙ ሰውነቱ በራሱ ጊዜ ዞረ። ጀርባው መክፈቻ የሌለው በር ላይ ተለጠፈ፤ ፊቱ ወደ ሹፌሩ ወንበር ሆነ፤ ክንዱ ሳያዘው ከፍ አለ። በሕይወቱ እንደዚያ ተቀምጦ አያውቅም። እንደዚያ የተቀመጠ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይቷል፤ ከላይ ቆሞ።

ክንዱን መልሶ አወረደው። ሥራ ሥራ ነውና ሶኬቱን ቀጭ እስኪል ገፋው፣ በማሰሪያ አጠበቀው፣ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጁን ረገጠው። ሞተሩ ወዲያው አገሳ።

አማቹ ድምፁን ሰምቶ እየሳቀ ገባ። «እጅዎ ይባረክ! ምን ሆኖ ነው?»

«ሶኬቱ ላልቶ ነው።»

«ምን አላላው?»

«የልጄ ተረከዝ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «አባባ፣ ይሄ የባልና ሚስት ነገር ነው። እርስዎ አይግቡበት።»

መዶሻ መነጽሩን ማውለቅም ረሳ። የመጀመሪያው ቡጢ የአማቹን አፍንጫ ሰበረ፤ ሁለተኛው የመኪናው ኮፈን ላይ ጣለው። አማቹም የዋዛ አይደለም፤ ከጠረጴዛው መፍቻ ስቦ የመዶሻን ቅንድብ ፈነከተ፣ መነጽሩም ወድቆ እግራቸው ሥር ተፈጨ። መዶሻ ደሙን በክንዱ ጠርጎ አንገቱን አነቀው። ጭንቅላቱን ከኮፈኑ ጋር አጋጨው፤ ደገመው። ደሙ ቀዩ ቀለም ላይ አይለይም ነበር።

«እኔ ብቻ ነኝ የምማታው?» አለ አማቹ አፉ ደም ሞልቶ። «ልጅዎ ‹አባቴም እንዲህ ነው፣ ኋላ ይበርድለታል› እያለች ነው የምትችለኝ! ከማን ቤት ለምዳ የመጣች መሰለዎት?»

የመዶሻ እጅ አየር ላይ ቆመ። ሰው እዚህ ላይ አፍሮ ይመለስ ይሆናል። መዶሻ ግን እውነት ስለሆነበት ይበልጥ መታው፤ መንጋጋው እስኪወልቅ፣ መሬት ላይ ተዘርሮ መከላከሉን እስኪተው ድረስ መታው።

«በቃ፣ አባዬ።»

ልጁ በሩ ላይ ቆማለች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ባሏን አየችው፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ አባቷን አየችው።

«ልጄ» አለ መዶሻ እያለከለከ፣ በደም የራሰ እጁን ዘርግቶ። «አለቀ። ወደ ቤትሽ እንሂድ። ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም።»

«የትኛው ቤቴ?» አለችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «መኪናው ተሠርቷል?»

«ተሠርቷል።»

«ቁልፉን ስጠኝ። እማዬን ልወስዳት ነው።»

«እናትሽን? ወዴት?»

«አልነግርህም።»

ንዴቱ ከእግሩ ጥፍር ተነስቶ ወጣ። ያውቀዋል፤ መንገዱን ያውቀዋል፤ እጁ ተጨበጠ። እሷ ፊቷን አልሸፈነችም። ጡጫውን ብቻ ነበር የምታየው፣ ልጅ ሆና በር ሥር ቆማ ስታየው እንደኖረችው። ለካ ያላየችለት አንድም ቡጢ የለም። ይህን ሲረዳ ጡጫውን ፈታ።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እሷ ሳትፈራ እንድታነሳው ወደ ግድግዳው ራቀ። አነሳችው። መኪናው ውስጥ ገብታ ስታስነሳ የጋራዡን በር ራሱ ሄዶ ከፈተላት። አጠገቡ ስትደርስ መስኮቱን ትንሽ አወረደች።

«እስክንወጣ ቤት አትምጣ።»

«እሺ» አለ።

ከዚያ አምቡላንስ ጠራ። አማቹን ማን እንደመታው በስልክ ሲጠይቁት «እኔ ነኝ» አላቸው። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ የአማቹን አፍ በጨርቅ ደግፎ ያዘለትና፣ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ይጠብቅ ጀመር።